ጎማዋን የምትሰበስበው

ዛሬ ከእህቴ ጋር በስልክ ተነታርከን ከፍቶኝ ስለነበር ስለሷ ልጽፍ ነበር የተቀመጥኩት። ማርቆስ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ሲያካፋ ነው የዋለው፣ መብራት የለም፣ የስልኬ ባትሪም ሊያልቅ ነው። እና ምን እንደነካኝ እንጃ የድሮ አውሮፕላን ሽያጭ ማየት ጀመርኩ። ታውቁኛላችሁ መቼም፣ ሰው ሲከፋው ይጠጣል፣ እኔ ጎማው ወደ ሆዱ የሚሰበሰብ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን አማርጣለሁ።

ዛሬ ያፈዘዘችኝ አንዲት የ1960ዎቹ (በፈረንጅ) ሙኒ የምትባል አውሮፕላን ናት። የሷን ጎማ የሚያነሳው ኤሌክትሪክም ሃይድሮሊክም አይደለም፣ በሁለቱ ወንበሮች መሃል ረጅም ብረት አለ፣ በራስህ ክንድ ነው። ብረቱ ቆሞ ዳሽቦርዱ ስር ቀጭ ብሎ ከተቆለፈ ጎማው ወርዷል፣ ወለሉ ላይ ከተኛ ተሰብስቧል፣ አለቀ። እግሯ ውስጥም ዘይት የለም፣ ስታርፍ ንጥቂያውን የሚያለዝበው የተደራረበ ክብ ክብ ላስቲክ ነው፣ ሲደርቅ መቀየር ነው። የሚበላሽ ነገር ባነሰ ቁጥር እኔ ደስ ይለኛል።

ቦናንዛ የምትባለዋማ ቆንጆ ናት፣ ያቺ ጭራዋ ቪ የሆነችው፣ ከ1947 ጀምሮ የተሸጠችው። ግን የጭራዋ ልባስ ማግኒዥየም ስለሆነ አንዴ መበላት ከጀመረ ምትክ ፍለጋ ስትንከራተት ነው የምትኖረው። የጎማ ሞተሯ እምቢ ካለም አየር ላይ ሆነህ ከፊት ወንበሮቹ ኋላ ያለችውን ማኖቬላ 50 ዙር ገደማ ታዞራለህ (እኔ በ10ሩ እደክማለሁ)። ኮማንቼ የምትባለዋን ደግሞ ፋብሪካዋን በ1972 ጎርፍ መታውና በዚያው ቀረች።

የሙኒዋን ፎቶ ሃንጋር (የአውሮፕላን ጋራዥ) ለሚሰራ አንድ ልጅ ላክሁለት። «ሞተሯ ከታደሰ 300 ሰዓት ብቻ ነው የበረረችው» ይላል ማስታወቂያው፣ እኔ እሱን አይቼ ነው የጓጓሁት። ወዲያው ደወለ።

«መቼ ነው የታደሰው?»

«ሃያ ዓመት አልፎታል።»

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ እኮ ነው ችግሩ!» አለኝና አንድ ሰዓት አስተማረኝ። የሙኒዋ ላይኮሚንግ ሞተር ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ከላይ ነው ያለው፣ አውሮፕላኑ ሲቆም ዘይቱ ወደ ታች ይወርድና ካሙ ደርቆ ይዝጋል፣ ዝገቱ ደግሞ ሞተሩ ሲነሳ ብረቱን እየላጠ ከዘይቱ ጋር ያዞረዋል። ፋብሪካው ሞተሩን በ2000 ሰዓት ወይ በ12 ዓመት አድሱ የሚለው ለዚህ ነው፣ ቀድሞ የደረሰው። ስለዚህ በየሳምንቱ ስትበር የኖረች 1200 ሰዓት የሞላት ሙኒ ከዚህች ተኝታ ከኖረችው ትሻላለች። እኔ ደግሞ ያልተነካ ነገር ሁሉ አዲስ ይመስለኛል።

ከዚያ ጎማው ራሱ አለ። በዓመት አንዴ በክሪክ አንጠልጥለው እያነሱ እያወረዱ ያዩታል፣ የመቆለፊያውን ጥብቀት በመለኪያ ይለካሉ። አንድ ቀን ማውረድ ረስተህ በሆድህ ካረፍክ ሰው አይጎዳም ይሆናል፣ ግን ፕሮፔለሩ ይታጠፋል፣ ሞተሩ ተፈትቶ መታየት አለበት፣ አሮጌ አውሮፕላን ከሆነ ኢንሹራንሱ ከማሰራት መጣል ይሻለኛል ይላል። ይህ ሁሉ ጣጣ እንግዲህ ጎማው ንፋስ እንዳይዝ ነው። ዛሬ ሲረስ የሚባለው እግሩን ዘርግቶ እየበረረ ብዙዎቹን ያስከነዳቸዋል አለኝ፣ ዝም አልኩ ምን እላለሁ።

የኔ ነገር የባሰው ደግሞ ጎጃም መሆኔ ነው። ማርቆስ ከባህር ጠለል በላይ 2400 ሜትር አካባቢ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ ቱርቦ (አየር አምቆ ለሞተሩ የሚሰጠው) የሌለው ባለ 200 ፈረስ ጉልበት ሞተር እዚህ ሙሉ ጋዝ ሰጥተኸው 150 ቢሰጥህ ነው። ጮቄ ደግሞ ከ4000 ሜትር በላይ ሆኖ ከፊትህ ተገትሯል። ቱርቦ ልግዛ ብትል ሌላ ሙቀት፣ ሌላ ወጪ፣ ከሲሊንደር ጋር ሌላ ጭቅጭቅ።

ቱርቦ ያለው ይሻላል የሚለው ላይ ልደርስ ስል ስልኩ ሊዘጋ አንድ ፐርሰንት ቀረው። ልጁ በመጨረሻ «ለመሆኑ አሁንም አባይ በረሃን በአውቶብስ ስትወርድ ያስመልስሃል?» ሲለኝ ኔትወርክ የለም ብዬ ዘጋሁበት። ያስመልሰኛል። ደጀን ሳልደርስ ፌስታል ነው የምጠይቀው፣ ረዳቶቹ ሁሉ ያውቁኛል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አሉ።

ግን ሙኒ ጠባብ ናት ይላሉ፣ ያ የጎማው ብረት ደግሞ መሃል ላይ ነው፣ ፌስታሉን የት ነው የማስቀምጠው?