ኬላ ላይ የተከፈተው ጠርሙስ

ድሬ ዳዋ ተቀምጦ የባሕር ፋይቶፕላንክተን (ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ፣ እንደ እጽዋት በብርሃን የሚያመርቱ ጥቃቅን ሕዋሳት) ምን ያህል እንደሚያመርት መለካት ይቻላል ወይ? ይቻላል። ለድሬ ሰው ከአዲስ አበባ ይልቅ የጅቡቲ ባሕር ይቀርበዋል። ፈተናው ያለው ከባሕሩ እስከ ላብራቶሪው ባለው መንገድ ላይ ነው፤ ይህን ደግሞ ቀድሞ የነገረኝ አልነበረም።

ዘዴው ጋርደርና ግራን በ1927 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት የብርሃንና የጨለማ ጠርሙስ ነው። ከአንድ ጥልቀት የተቀዳ ውሃ 300 ሚሊ ሊትር በሚይዙ፣ የመስታወት ክዳን ባላቸው ጠርሙሶች ይሞላል። ገሚሱ እንዲሁ ይተዋል፤ ገሚሱ በጥቁር ፕላስተርና በፎይል ይጠቀለላል። ለመነሻ የሚሆኑት ጥቂቶች እዚያው ኦክስጅናቸው በኬሚካል ይታሰራል፤ የቀሩት በገመድ ታስረው ወደተቀዱበት ጥልቀት ይመለሳሉ። ጨለማው ውስጥ ትንፈሳ ብቻ አለ። የብርሃኑ ሲቀነስ የጨለማው ጠቅላላ ምርት፣ የብርሃኑ ሲቀነስ መነሻው ደግሞ ንጥር ምርት (ከትንፈሳ የተረፈውን) ይሰጣል። የተገኘውን ሚሊ ግራም ኦክስጅን በ0.375 አባዝቶ ለ1.2 ማካፈል ወደ ካርቦን ያደርሳል። ብዙ ሰው 24 ሰዓት ያንጠለጥላል፤ እኔ አልስማማም። በዚያ ሙቀት ባክቴሪያው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ይራባል፤ ውሃው አረንጓዴ ከሆነ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይበቃል።

ጀልባው፣ ገመዱ፣ ጸሐዩ ሁሉም በሰላም አለፈ። ከዚያ ኦክስጅኑ የሚለካበት የዊንክለር ዘዴ መጣ። ዊንክለር በ1888 እ.ኤ.አ. ያወጣው ይህ ዘዴ ቀላል ነው፦ ማንጋኒዝ ሰልፌት ይጨመራል፣ ቀጥሎ አዮዳይድና ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ። ኦክስጅኑ ከማንጋኒዙ ጋር ይታሰርና ቡናማ ዝቃጭ ይሆናል። መመሪያው እዚህ ላይ ጠርሙሱን አሽጎ፣ ጨለማ ቦታ አስቀምጦ፣ አሲድ መጨመሩንና ታይትሬሽኑን (መጠኑን በጠብታ መለካቱን) ላብራቶሪ ደርሶ መሥራት እንደሚቻል ይናገራል። እውነት ነው፣ መሃል ላይ ማንም እስካልከፈተው ድረስ። መመሪያውን የጻፉት ሰዎች ኬላ አያውቁም።

ደብዳቤውን የጻፈልኝ መሥሪያ ቤት «የውሃ ናሙና» ብሎ ብቻ ነው የጻፈው። «በኬሚካል የታከመ፣ እንዳይከፈት» የሚል ጨምሩልኝ ብዬ ለምኛለሁ። «ለውሃ ይህን ሁሉ?» ተባልኩ። ከሰዓት በኋላ ተመልሼ እንዳልሟገት፣ በርጫ ከተጀመረ በኋላ ማን ቢሮ ይገኛል?

እናም አንድ ኬላ ላይ ሳጥኔ ተከፈተ። ደብዳቤው ውሃ ይላል፤ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው የቡና አተላ ነው የሚመስለው። ፈታሹ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየው።

«ይሄ ውሃ ነው አቦ?»

«የባሕር ውሃ ነው።»

«ውሃ ከሆነ ቅመሺዋ።»

ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አፍ እንደሚያቃጥል ስነግረው ነገሩ ባሰ። አሁን ውሃ ሳይሆን አደገኛ ኬሚካል የያዘች ሴት ሆንኩ። አለቃው ተጠራ። እጄን ዘርግቼ «አትክፈተው» እያልኩ፣ እሱ ክዳኑን አንድ በአንድ እያነሳ አሸተተ። «አይሸትም» አለና መልሶ ገጠማቸው፤ አየሩንም አብሮ። ኮንትሮባንድ አለመሆኑን አረጋግጦ በትህትና ሸኘኝ። ትህትናው ነው እስካሁን የሚያናድደኝ።

ድሬ ደርሼ አሲድ ጨምሬ በታዮሰልፌት፣ በታይትሬሽኑ ፈሳሽ፣ ስለካ የጨለማዎቹ ጠርሙሶች ከመነሻዎቹ በላይ ኦክስጅን አሳዩ። በጨለማ ኦክስጅን የሚያመርት ፋይቶፕላንክተን አግኝቼ ቢሆን ኖሮ ስሜ ዛሬ በሌላ ነገር ይነሳ ነበር። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው፦ ኦክስጅን ያላገኘው የተረፈ ማንጋኒዝ አሲድ እስኪጨመርበት ድረስ አየር ካገኘ ከአየሩም ይወስዳል። የትኛው ጠርሙስ ምን ያህል አየር እንዳገኘ ደግሞ ማን ያውቃል? የጨለማዎቹ የተበላሹት በዚህ ነው። «አማካዩን ወስደሽ ጻፊ» ያለኝ ሰው አለ፤ ማዕረግም ያለው። አልጻፍኩም። በዚያ እስከ ዛሬ እኮራለሁ።

ስለዚህ አሲዱንም ታይትሬሽኑንም ባሕሩ ዳር ጨርሱ። ላብራቶሪ ይበልጥ ንጹሕ ነው የሚሉትን አትስሙ፤ ቡሬት (ጠብታ መለኪያ ቱቦ)፣ ስታርችና የማይነቃነቅ ጠረጴዛ ካለ የእንግዳ ማረፊያ ክፍል ይበቃል። የታዮሰልፌቱን ትክክለኛ ጥንካሬ ግን በዚያው ቀን በፖታሲየም አዮዴት አረጋግጡ። ቁጥሩ ደብተር ላይ ካለ ፈታሽ ምን ያሸታል?

ሕያው ውሃውን ድሬ አምጥቼ እዚህ ላንጠልጥለው የሚል ካለ ይተወው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው በ13 በመቶ ገደማ ያንሳል። እዚያ ጠግቦ የተዘጋ ውሃ እዚህ ሲደርስ አረፋ ያወጣል፤ ለመለካት የፈለጋችሁት ጋዝ ያ አረፋ ውስጥ ገብቷል። ሐረር ከወሰዳችሁትማ ይብሳል። በረዶ ውስጥ ክተቱት የሚለውም ምክር ለሕያው ናሙና አይሆንም፤ የሞቀ ባሕር ዲያቶም (አንዱ የፋይቶፕላንክተን ዓይነት) በረዶ የት ያውቃል? በረዶ ክሎሮፊል (አረንጓዴው ቀለም) እንዲለካበት ውሃው ለተጣራበት ማጣሪያ ነው። የእኔ ማጣሪያዎች በፎይል ተጠቅልለው በረዶ የሞላበት ቴርሞስ ውስጥ ነበሩ። ፈታሹ ምሳዬ መስሎት አልነካውም፤ ከዚያ ጉዞ የተረፈኝ ውጤት እሱ ነው። ክሎሮፊል ግን ምን ያህል ፋይቶፕላንክተን እንዳለ እንጂ በምን ፍጥነት እንደሚያድግ አይናገርም። ለእድገቱ በተለያየ ሰዓት የተቀዳ ውሃ በሉጎል (ሕዋሱ እንዳይበላሽ በሚያደርግ የአዮዲን ፈሳሽ) አቆይቶ ሕዋሱን በማይክሮስኮፕ መቁጠር ነው። የሁለቱ ቁጥሮች የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ልዩነት በመካከላቸው ላለፈው ጊዜ ሲካፈል የእድገት ፍጥነቱ ይገኛል።

ስቲማን ኒልሰን በ1952 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው የካርቦን 14 ዘዴ ምርቱ ዝቅተኛ ለሆነ ባሕር ከኦክስጅኑ በብዙ ይሻላል። ጨረር ያለው ነገር ይዤ በዚያ ኬላ ሳልፍ ግን አስቡት።

ደብዳቤውን ራሳችሁ አርቅቃችሁ ሂዱ፤ ለጸሐፊ አትተዉት። የእያንዳንዱን ጠርሙስ ይዘት፣ ቀለሙን ጭምር፣ ጻፉ። «ከተከፈተ ከጥቅም ውጭ ይሆናል» እና «የንግድ ዋጋ የለውም» የሚሉት በአማርኛም በፈረንሳይኛም ይግቡ። ማህተሙ ክብ ይሁን፤ ቲተር ብቻ ያረፈበትን ወረቀት ኬላ ላይ ማንም ዞር ብሎ አያየውም።