በደጋን የተወጋው ማን ነው?

የዘፈን ግጥም ስንፈታ ብዙ ጊዜ የምንስተው ሰሙን ሳናጣራ ወርቁን ለመያዝ ስለምንቸኩል ይመስለኛል። ትናንት ኮምቦልቻ ቡና እየጠጣን ስንከራከር፣ ለሙከራ ያህል ራሴ ይህችን ገጠምኩ፦

«ከባቲ ገበያ በሰላም ስመለስ፣
በደጋን ተወጋሁ ኮምቦልቻ ሳልደርስ።»

ሰሙ ከባቲ የሰኞ ገበያ ሲመለስ ደጋን ከተማ ላይ የተወጋ መንገደኛ ሲሆን፣ ወርቁ ግን ደጋን የመሰለ ቅንድብ ያቆሰለው አፍቃሪ ነው፤ ሁለቱን ያገናኘችውም ቦታንም መሣሪያንም የምታመለክተው «በ» ናት። (በእርግጥ የሚወጋው ቀስቱ እንጂ ደጋኑ አይደለም፤ ለዘፈን ሲባል ግን ይታለፋል።) አንድ ጓደኛዬ «ይህ ፖለቲካ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። እኔ ኅብረ ቃሉ (ሰሙንም ወርቁንም የያዘው ቃል) ያልተሸከመውን ትርጉም ከውጭ አምጥቶ መጫንን ፍቺ ብዬ አልቀበልም፤ እሱም ቢሆን የተከራከረው «ደጋን» የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ እንኳ ሳያነሳ ነበር።