ከሁለት ሚሊሜትር በታች፦ የቫሌ ደ ዡ የጉዞ ማስታወሻ

ከስዊዘርላንዷ ሎዛን ተነሥቶ ወደ ዡራ ተራሮች የሚወጣው ባቡር ለ ፖን የምትባለው መንደር ሲደርስ፣ ጥዱ በአንድ ጊዜ ገለል ይልና ሐይቁ ይታያል። የቫሌ ደ ዡ ሸለቆ ከባሕር ወለል በላይ 1000 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ እኔ በሄድኩበት በየካቲት መጨረሻ የሐይቁ ዳርቻ ገና በረዶ እንደ ያዘ ነበር። በካፖርቴ የውስጥ ኪስ፣ በለስላሳ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ የብዙ ዓመት ጥሪቴን ያወጣሁበት አንድ የእጅ ሰዓት ይዤ ነበር። ይህ ሰዓት ማሰሪያው ላላ ሲል በትክክል ይሄዳል፤ ጠበቅ አድርጌ ሳስረው ደግሞ ግማሽ ቀን ሳይሞላ ይቆማል። በምኖርባት በጄኔቫ አንድ ጠጋኝ ሁለት ጊዜ ከፍቶ ዘጋው፤ ሁለት ጊዜም ምንም የለበትም ብሎ መለሰልኝ። በመጨረሻ ስስ ሰዓቶችን እንደ እኔ የሚወድ አንድ ወዳጄ፣ ዕድሜያቸውን በዚህ ሥራ ያሳለፉ አንድ ጡረተኛ በሸለቆው ውስጥ እንዳሉ ነግሮኝ ቀጠሮ አስያዘልኝ።

ስለ ሰዓቱ ጥቂት መናገር አለብኝ። ሰዓት ሠሪዎቻችን «ማሽን» የሚሉት የውስጥ አካሉ፣ በዚሁ ሸለቆ መጨረሻ፣ በለ ብራሱ፣ የፍሬደሪክ ፒጌ ፋብሪካ ከ1925 ዓ.ም. ጀምሮ የሠራው ካሊበር 21 የተባለ የማሽን ዓይነት ነው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌአለሁ)። ውፍረቱ 1.75 ሚሊሜትር ነው። ዛሬ በብዙ ሰዓቶች ውስጥ የሚገኘው፣ በእጅ እንቅስቃሴ ራሱን የሚሞላው ኢቲኤ 2824 ደግሞ 4.6 ሚሊሜትር ስለሚወፍር፣ የእኔው ዓይነት ሁለት ማሽን ቢነባበር እንኳ ከዚያ ከአንዱ ያንሳል። ሆኖም ኃይል የሚያጠራቅመው ሞላ፣ ኃይሉን የሚቀባበሉት ባለጥርስ መዘውሮች፣ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ ጊዜን የሚከፋፍለው ባላንስ፣ የእነዚህንም ዘንግ ከላይ ደግፈው የሚይዙት «ድልድዮች» ሁሉም በቦታቸው አሉ። አንድም ክፍል አልተቀነሰም፤ የተቀነሰው የእያንዳንዱ ክፍል ሥጋ ነው።

ለ ሳንቲዬ በምትባለው መንደር ስወርድ ለቀጠሮዬ ጊዜ ስለተረፈኝ በበረዶው መካከል በተጠረገው መንገድ ወደ ሰዓት አምራቹ ዤገር-ለኩልትር ሕንፃዎች አቀናሁ። በዚህ አገር ክረምቱ ረጅም ስለሆነ ገበሬዎች በቤታቸው ተቀምጠው የሰዓት ዕቃ ይሠሩ እንደ ነበር ማንም ጎብኚ የሚሰማው ታሪክ ነው። እኔን የሚደንቀኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። አንትዋን ለኩልትር በ1833 በዚህች መንደር የሥራ ቤቱን ከፈተ፤ በ1844 ደግሞ የሚሊሜትርን አንድ ሺኛ ለመጀመሪያ ጊዜ መለካት የቻለውን ሚሊዮኖሜትር የተባለ መሣሪያ ሠራ። የስስ ሰዓት ነገር ከዚህ መሣሪያ ተለይቶ የሚታይ አይመስለኝም፤ ስንት እንደ ቀረው ሳያውቅ ብረት የሚልግ ሰው የሚያቆምበትን አያውቅምና።

ሐሳቡ ራሱ ግን የቆየ ነው። በፓሪስ ዣን-አንትዋን ሌፒን በ1760ዎቹ የሰዓቱን የላይኛውን ሙሉ ዝርግ ብረት አንሥቶ በተለያዩ ትናንሽ ድልድዮች ተካው፤ ኃይሉን ለማስተካከል በሰንሰለት የሚጠመጠመውንም ሾጣጣ ዕቃ አስወገደው፤ የኪስ ሰዓትም በዚያው ቀጠነ። በ1903 ደግሞ የፓሪሱ ሰዓት ሠሪ ኤድሞን ዤገር እርሱ ያሰባቸውን እጅግ ስስ ማሽኖች ሠርቶ የሚያሳየው እንዳለ የስዊዘርላንድ ባለሙያዎችን ተገዳደረ። የአንትዋን የልጅ ልጅ ዣክ-ዳቪድ ለኩልትር ግድድሩን ተቀበለ፤ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1907፣ 1.38 ሚሊሜትር የሚወፍረው ካሊበር 145 የኪስ ሰዓት ማሽን ተወለደ። የሁለቱ ቤተሰብ ስም እስከ ዛሬ በአንድ ሰዓት ፊት ላይ ተጣምሮ የሚነበበው ከዚህ ግድድር የተነሣ ነው። ፉክክሩ ከዚያ ወዲያ ወደ እጅ ሰዓት ተሻገረ፦ ሰዓት አምራቹ ቫሼሮን ኮንስታንታን 200ኛ ዓመቱን ባከበረበት በ1955 1.64 ሚሊሜትር የሆነውን ካሊበር 1003 አወጣ፤ ፒያዤም በ1957 2 ሚሊሜትር የሆነውን 9ፒ፣ በ1960 ደግሞ በውስጡ በምትዞር ትንሽ ክብደት ራሱን የሚሞላውንና 2.3 ሚሊሜትር ብቻ የሆነውን 12ፒ አስከተለ።

አዛውንቱ ቤታቸው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። በቀድሞ ዘመን አገራችን የመጡ ፈረንጆችን «ሙሴ» እንደምንላቸው እኔም «ሙሴ» እያልኩ ጠራኋቸው፤ እርሳቸውም ከእኔ በዕድሜ እጅግ ቢበልጡም ከአንደበታቸው «አንተ» የሚል ቃል አልወጣም። የሥራ ጠረጴዛቸው በመስኮቱ ሥር፣ እስከ ደረት የሚደርስ ከፍ ያለ ነው፤ ሠራተኛው ክንዱን አሳርፎ ሳይጎነበስ እንዲያይ ታስቦ ነው። ሰዓቱን ተቀብለው በመጀመሪያ ወደ ጆሯቸው አስጠጉት። ከዚያም የጀርባ ክዳኑን ከፈቱና፣ እኔ ማሽኑን ያያሉ ብዬ ስጠብቅ፣ እርሳቸው ክዳኑን ገልብጠው ውስጡን ወደ ብርሃኑ አዘነበሉት።

«እዚህ ይመልከቱ» አሉኝ፣ የዓይን ሌንሳቸውን እየሰጡኝ።

በወርቁ ክዳን ውስጥ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ያበጠች ቦታ አለች፤ ጫፏም ከሌላው ለይቶ ያብረቀርቃል። ክዳኑ ባንድ ወቅት ከውጭ ተመትቶ ጥቂት ሰርጎድ ብሏል፤ በውጭ በኩል በዓይን ለማየት ያስቸግራል። ማሰሪያው ሲጠብቅ የእጄ አንጓ ክዳኑን ይገፋል፤ ያች ያበጠች ቦታ የባላንሱን ድልድይ ትነካለች፤ ድልድዩም በመቶኛ ሚሊሜትር ብቻ የሚቆጠር ዝቅታ ሲጎነበስ የባላንሱ ዘንግ ሊንቀሳቀስባት የሚገባት ክፍተት ትጠፋለች። በወፍራም ሰዓት ቢሆን በክዳኑና በማሽኑ መካከል ሰፊ ቦታ ስለሚኖር ይህ ጉዳት ምንም ባላመጣ ነበር። ጄኔቫ ያለው ጠጋኝ ሁለት ጊዜ ማሽኑን መርምሮ ጤነኛ ያገኘው እውነቱን ነው፤ ክዳኑን ግን አልመረመረም። አዛውንቱ ክዳኑን በተቦረቦረ እንጨት ላይ አስቀምጠው፣ በጫፉ ድቡልቡል በሆነ ሌላ እንጨት ከውስጥ ወደ ውጭ ቀስ በቀስ እየገፉ፣ በየጊዜው በብርሃን እያዩ፣ ወደ ቦታው መለሱት። ሩብ ሰዓትም አልፈጀ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ሁሉ የማሽኑ ማየት ነበር። የሰው እጅ ያሳመረውን ማሽን የሚሰበስቡ ሰዎች በመጀመሪያ የሚያዩት የድልድዮቹን ጠርዝ ነው። የላይኛው ገጽና የጎኑ ግድግዳ የሚገናኙበት ስለት በ45 ዲግሪ ይቆረጥና እንደ መስታወት ይወለወላል፤ ፈረንሳዮች አንግላዥ ይሉታል። ጠርዙ ወደ ውጭ ሲታጠፍ የሚሽከረከር መሣሪያም ሊያጠራው ይችላል፤ ወደ ውስጥ ሲታጠፍና ሁለት የተወለወሉ መስመሮች በአንድ ሹል ነጥብ ሲገናኙ ግን ክብ መሣሪያ እስከ ጥጉ ሊገባ ስለማይችል፣ በሞረድና በእንጨት በእጅ ከመሥራት በቀር መንገድ የለም። ስለዚህ ሰብሳቢው ሌንሱን የሚያሳርፈው በዚህ የውስጥ ጥግ ላይ ነው።

ይህ ጥግ በምን እንደሚወለወል ስጠይቃቸው ከመሳቢያቸው የደረቁ ቡናማ ግንዶች እስር አወጡ። ጃንሲያን የምትባለው፣ ቢጫ አበባ የምታወጣው የዡራ ተራሮች ተክል ግንድ ነው። አንዱን መዘው፣ ጫፉን በሹል ምላጭ አሹለው፣ ደቂቅ የአልማዝ ልም ያለበት ቅባት ቀብተው፣ በአንድ አሮጌ ድልድይ ጠርዝ ላይ ወዲያና ወዲህ አስኬዱት። ሳየው ትዝ ያለኝ በልጅነቴ ሴት አያቴ ጠዋት ጠዋት ደጅ ተቀምጠው ጥርሳቸውን የሚያጸዱበት የወይራ መፋቂያ ነበር፦ ያው ውፍረት፣ ያው የጫፍ አሳሳል፣ ያው ትዕግሥት ያለበት እጅ። ጃንሲያኑ ልል ስለሆነ ቅባቱን ይዞ ይቆያል፣ ብረቱንም ሳይቧጭረው ያጠራዋል ብለው አስረዱኝ።

ገጹ ላይ ደግሞ የጄኔቫ መስመሮች የሚባሉት፣ ብርሃን ሲዞር እንደ ውኃ ሞገድ የሚከተሉ ተከታታይ ሰንበሮች አሉ፤ ከሥሩ በተሸሸገው ዝርግ ብረት ላይ እርስ በርስ የተነባበሩ ጥቃቅን ክበቦች ተነቅሰዋል፤ ይህን ፔርላዥ ይሉታል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ጥቁር ውልወላ የሚሉት ነው። ትንሽ የብረት ዕቃ በቆርቆሮ ዝርግ ላይ ከአልማዝ ቅባት ጋር እየታሸ ፍጹም ደልዳላ ሲሆን፣ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ብርሃን ይመልሳል፤ ከቀሩት አቅጣጫዎች ሁሉ እንደ ከሰል ጠቁሮ ይታያል። አንዲት አቧራ በመካከሉ ከገባች ሥራው ከመጀመሪያው ይጀመራል።

በስስ ማሽን ላይ ይህ ሁሉ የተለየ ክብደት የሚኖረው ለምን እንደ ሆነ የገባኝ ግን የራሴን ሰዓት ጉድለት ሳሳያቸው ነው። ከአንዱ ብሎን አጠገብ፣ የቀድሞ ጠጋኝ ካቻቢቴ አምልጦት፣ የጄኔቫ መስመሮችን አቋርጦ የሚሄድ አንድ ጭረት ነበረ። ሰዓቱን በገዛሁ ማግስት ካየሁት ጀምሮ ዓይኔ ከእርሱ አይነሣም ነበርና እንዲያጠፉልኝ ለመንኳቸው። እምቢ አሉ። ጭረትን ማጥፋት ማለት በዙሪያው ያለውን ገጽ ሁሉ እስከ ጭረቱ ጥልቀት ማውረድ ነው፤ ገጹ ሲወርድ የተወለወለው ጠርዝ ይጠባል፤ ጠርዙን መልሶ ለማስፋት ደግሞ ከግድግዳው መቁረጥ ያስፈልጋል፤ ግድግዳው በዚህ ማሽን ላይ ቀድሞውንም የሌለ ያህል ነው። «ወፍራም ድልድይ ቢሆን አደርግልዎት ነበር» አሉኝ። «ይህንን የሠራው ሰው የሚነሣውን ሁሉ አንሥቶ ጨርሷል፤ ለእኔ የተወልኝ የለም።»

ብራና የሚፍቅ ሰው የሚያውቀው ነገር ነው ይህ፤ ቆዳው ሲሳሳ ይጠራል፣ ይነጣል፣ ቀለም ለመቀበል ያምራል፣ ፋቂው ግን አንድ ጊዜ ካለፈ የሚመልሰው የለም። የድልድዩን ጠርዝ ያሳመረው የማላውቀው ሠራተኛም ከሚሊሜትር መቶኛ እየቆጠረ፣ ሊሰበር በሚችል ስስ ናስ ላይ፣ ክዳኑ ከተዘጋ በኋላ ባለቤቱ እንኳ ለማያየው ጥግ ያን ያህል መድከሙ ልቤን ይነካዋል። ያን ጭረት ከዚያ ቀን ወዲህ በሰላም አየዋለሁ።

ቡና አፍልተው ሲያቀርቡልኝ ስለ ክብረ ወሰኖቹ አነሣን። በ1976 ዣን ላሳል በሚል ስም 1.2 ሚሊሜትር የሆነ ማሽን ወጥቶ ነበር፤ የላይኛዎቹን ድልድዮች አስወግዶ መዘውሮቹን በአንድ ወገን ብቻ በጥቃቅን የኳስ ማሽከርከሪያዎች የያዘ ነው። ከእርሱ ወዲህ ደግሞ የሰዓቱ ጀርባ ራሱ የማሽኑ መሠረት ሆነ፦ ፒያዤ በ2018 ጠቅላላ ውፍረቱ 2 ሚሊሜትር የሆነ ሰዓት አሳየ፤ በ2022 ቡልጋሪ 1.80፣ ሪሻር ሚል 1.75 አደረሱት፤ በ2024 ቡልጋሪ ወደ 1.70፣ ሩሲያዊው ኮንስታንቲን ቻይኪን ወደ 1.65 አወረዱት። የእኔ ማሽን ብቻውን የሚያህለውን ውፍረት ሙሉ ሰዓት አድርጎ መሥራት የሚያስደንቅ ነው፤ አዛውንቱም በአድናቆት ነው ያወሩልኝ። እኔ ግን የምመርጠው ያኛውን ነው፦ በወረንጦና በካቻቢቴ ተፈትቶ፣ ተጠርጎ፣ ዘይት ተቀብቶ፣ ከአንድ ትውልድ በኋላ ሌላ ጡረተኛ በመስኮት ሥር ሊገጥመው የሚችለውን፣ ለጠርዝ ማሳመሪያ የሚሆን ብረት ጥቂት የተረፈለትን።

ሊሸኙኝ ሲነሡ ዋጋ ስጠይቅ እጃቸውን አወዛወዙ። ቀኑ ገና ስላልመሸ ባቡሩን ይዤ እስከ መስመሩ መጨረሻ፣ እስከ ለ ብራሱ ሄድኩ። ሰዓት አምራቹ ኦደማር ፒጌ በ2020 የከፈተው፣ ጣሪያውን የታጠፉ የመስታወት ግድግዳዎች ብቻ የተሸከሙት ጥምዝ ሙዚየም በበረዶው መካከል እንደ ተጠቀለለ የሰዓት ሞላ ተኝቷል፤ ጊዜዬ ስላለቀ ከውጭ አይቼው ተመለስኩ። በጣቢያው ቆሜ ማሰሪያውን፣ ለሁለት ዓመት ያልነካሁት ጠባቡ ቀዳዳ ላይ አጥብቄ አሰርኩት። ባቡሩ የሐይቁን ዳር ይዞ ሲወርድ፣ ለ ፖንን አልፎ ጨለማው ሲይዘን፣ ሎዛን ደርሼ የጄኔቫውን ባቡር ስይዝ፣ በየጊዜው ወደ ጆሮዬ አስጠጋው ነበር። ቤቴ ስገባም ይሄድ ነበር።