ዓይኖቼን ክፈት ብዬ ቀፎ ሥር ተቀመጥኩ

ለሁለት ዓመት ያህል የምጸልየው አንድ ጸሎት ብቻ ነበር። መዝሙር 118 ላይ ያለችውን፣ «ዓይኖቼን ክፈት» የምትለዋን። ማታ ማታ እሷን እደጋግምና እተኛለሁ። እውነቱን ልናገርና የጠበቅሁት ሕልም ነበር። ራእይ ቢጤ። ሌላው ሰው የማያየውን ማየት ፈለግሁ። ምንም አልመጣም።

አምና መስከረም ላይ ለንስሐ አባቴ አማረርኩ። «አባ፣ እግዚአብሔር ምንም አያሳየኝም» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «ልጄ፣ እስካሁን ያሳየህን አይተህ ጨረስህ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ሥራ ሰጡኝ። ሥነ ፍጥረት የተማረ እንደሚያውቀው አባቶቻችን በስድስቱ ቀን የተፈጠሩትን 22 ፍጥረታት ብለው ይቆጥራሉ። እሑድ 8፣ ሰኞ 1፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ሦስት ሦስት፣ ዓርብ 4። እኔ የማክሰኞዎቹን እወዳለሁ፤ በእጅ የሚለቀሙ፣ በማጭድ የሚታጨዱ፣ በምሳር የሚቆረጡ ተብለው ነው የተከፈሉት። የገበሬ ልጅ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ይህን ስሰማ ትምህርቱ ከእኛ ደጅ የወጣ ይመስለኛል። አባም የሰጡኝ ሥራ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ዘመነ ጽጌን ሙሉ፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5፣ 40 ቀን፣ አንዲት ፍጥረት ምረጥና ጠዋት ጠዋት ተቀምጠህ እያት። አትስበክባት፣ እያት ብቻ።

ንብ መረጥኩ። የምኖረው ቡሬ ነው፣ የአባቴ ማሳም ከከተማው ብዙ አይርቅም። ያን ዓመት ኑግ ዘርቶ ነበር። ከማሳው ዳር አራት ባህላዊ ቀፎዎች አሉት። ስልኬን ቤት ትቼ፣ ነጭ ጋቢ ለብሼ፣ ከቀፎው አፍ ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎኑ መቀመጥ ጀመርኩ። ይህን ልብ በሉ። መግቢያቸው ላይ ከተቀመጣችሁ ይነድፏችኋል፤ ሽቶም አትቀቡ።

የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር። ፀሐይ ካልሞቀ ንብ አይወጣም፣ እኔ ደግሞ ገና በውርጩ እደርሳለሁ። ሐሳቤ ይባዝናል። ስለ ደሞዝ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ትናንት ለተናገረኝ ሰው ምን ብዬ መመለስ እንደነበረብኝ። ንቦቹን አያቸዋለሁ እንጂ አላያቸውም ነበር። እንደዚህ ስል የሚገባው ይገባዋል።

ወደ አሥረኛው ቀን ገደማ ግን አንዲት ንብ ላይ ዓይኔ አረፈ። የኋላ እግሮቿ ላይ ቢጫ ነገር ጭና መጣች፣ በግራና በቀኝ እኩል፣ ልክ አህያ ላይ እንደሚጫን ስልቻ። የአበባ ዱቄት ነው። እዚያው ቁጭ ብዬ ሌላዋን ጠበቅሁ። ከዚያ ሌላዋን። ተነስቼ ስሄድ ሥራ ረፍዶብኝ ነበር።

ማታ አባቴን ጠየቅሁት። ቀፎውን ለምን ከኑጉ ዳር እንዳደረገው ማለቴ ነው። «ንብ ያልጎበኘው ኑግ ፍሬው ምን አለው ብለህ!» አለኝ። እኔ እስከዚያ ድረስ ኑጉ ለንቡ ይጠቅማል እንጂ ንቡ ለኑጉ ይጠቅማል ብዬ አስቤ አላውቅም። ኑግ በራሱ ዱቄት በደንብ አያፈራም፣ ከሌላ ተክል የመጣ ያስፈልገዋል። በቤታችን ዘይት ውስጥ የንብ እጅ አለበት ማለት ነው። ሰላሳ ዓመት ሙሉ የኑግ ዘይት በልቻለሁ፣ አንድም ቀን ስለዚህ አመስግኜ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ። ንብ አምስት ዓይን አላት። ሁለት ትልልቅ በጎንና በጎን፣ ሦስት ትንንሽ ከራሷ ላይ። ቀይ ቀለም አይታያትም፣ ግን እኛ የማናየውን አልትራቫዮሌት የሚባለውን ብርሃን ታያለች። ብዙ ቢጫ አበቦች ደግሞ በዚያ ብርሃን ብቻ የሚታይ ምልክት አላቸው፣ ማር የሚሆነው ፈሳሽ ያለበትን መሐል የሚያሳይ። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። እኔ ያንን አበባ አይቼ «ቢጫ ነው» ብዬ አልፌያለሁ። እሷ ግን እዚያው ላይ መንገድ ታያለች። የተጻፈው ነገር ድሮም እዚያው አለ፤ የጎደለው የእኔ ዓይን ነው።

የማር እንጀራውም ነገር አለ። ቀዳዳዎቹ ሁሉ ባለ ስድስት ማዕዘን ናቸው። አንድን ሜዳ እኩል ስፋት ወዳላቸው ክፍሎች ለመከፋፈል ትንሹን ግድግዳ የሚጠይቀው ይህ ቅርጽ መሆኑን ቶማስ ሄልስ የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ በ1999 እ.ኤ.አ. ነው በማስረጃ ያረጋገጠው። ንቦቹ ያለ ትምህርት ቤት ሰማቸውን ሲቆጥቡ ኖረዋል። አንዲት ሠራተኛ ንብ ደግሞ በዕድሜዋ ሙሉ የምትሠራው ማር የሻይ ማንኪያ አንድ 12ኛ ያህል ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ አንድ ብርሌ ብርዝ ሲቀርብልኝ ቶሎ መጠጣት አልቻልኩም።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት ሠራሁ። ይህን ሁሉ ይዤ ከማያምን የሥራ ባልደረባዬ ጋር ልከራከር ሄድኩ። ላሸንፈው ነበር። ጮህኩ፣ ተናደድኩ፣ እሱም ተናደደ። አባ ሲሰሙ «ንቧን ዱላ አደረግሃት?» አሉኝ። ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። አሁን ስለዚህ ብዙ አልልም።

ትልቁ ስህተቴ ግን ሌላ ነው። አንድ የዘጠኝ ዓመት ገደማ እረኛ ልጅ ጠዋት ጠዋት ከብቶቹን ይዞ በዚያ ያልፋል። ምን እንደማደርግ ገርሞት ይቆማል። ከብቶቹ ንቦቹን ያስደነግጡብኛል ብዬ «አንተ ልጅ፣ ወዲያ በል!» እለዋለሁ። ለሦስት ሳምንት እንዲህ አደረግሁ። ጥቅምት አጋማሽ አልፎ በአንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የቤተ ሳይዳውን ዕውር ታሪክ ሰማሁ። ጌታ እጁን ጭኖበት ምን ታያለህ ሲለው፣ ሰዎች እንደ ዛፍ ሲመላለሱ አያለሁ ያለውን። ዓይኑ ተከፍቷል ግን ሰው ዛፍ ይመስለዋል። አጥርቶ ያየው ጌታ ሁለተኛ ጊዜ እጁን ሲጭንበት ነው።

ሰኞ ጠዋት ልጁ መጣ። ያን ቀን ፊቱን አየሁ። ዓይኖቹ ቀልተዋል፣ ዓይናር ይዟቸዋል፣ ዝንብ ወሮታል። ዝንቦቹን ማባረር እንኳ ትቷል። የንብን አምስት ዓይን ቆጥሬ ጨርሼ የዚህን ልጅ ሁለት ዓይን አላየሁም ነበር። እዚያው አለቀስኩ።

እናቱን አስፈቅጄ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ባለሙያዋ የዓይኑን ቆብ ገልብጣ አየችና ትራኮማ ነው አለች። ደጋግሞ ከያዘው ቆቡ ጠባሳ ያወጣል፣ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይዞርና ዓይኑን እየፋቀ ያሳውረዋል። በቀን 2 ጊዜ ለ6 ሳምንት የሚቀባ ቴትራሳይክሊን የሚባል የዓይን ቅባት ሰጠችን፣ ፊቱንም ቶሎ ቶሎ ይታጠብ አለች። በጀሪካን ውሃ ይዤ መሄድ ጀመርኩ። ጠዋት ጠዋት ይታጠባል፣ እቀባዋለሁ፣ ከዚያ አብረን እንቀመጣለን። ከብቶቹን ከማሳው ወዲያ ማዶ ማሰማራት ለመደ።

40ው ቀን ሲያልቅ መቀመጣችንን አላቆምንም። ኅዳር ውስጥ አንድ ቀን ጉልበቴን ነካ አደረገኝና «ጋሼ፣ ይቺኛዋ ባዶዋን ነው የመጣች» አለኝ። አየሁ። እውነትም እግሯ ላይ ምንም የለም። «ግን ስታርፍ ከብዷታል» አለ። እኔ በዚያ ሁሉ ቀን ይህን ልብ ብዬ አላውቅም። አባቴ ከኋላችን ቆሞ ይሰማን ነበር።

«ባዶማ አይደለች» አለው። «በሆዷ ነው የያዘች።»