በረዶው ስንት ሰዓት ላይ ይጀምራል? ከአትላንታው ማክሰኞ የተገኘ ትምህርት

ጃንዋሪ 28 ቀን 2014 እ.ኤ.አ.፣ ማክሰኞ፣ በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት ባለችው አትላንታ ላይ የጣለው በረዶ በሃርትስፊልድ-ጃክሰን አየር ማረፊያ ሲለካ 2.6 ኢንች ነበር፤ ስድስት ሳንቲሜትር ተኩል ገደማ። በረዶ በለመደችው ሰሜናዊቷ ሚኒሶታ ቢሆን በዚህ መጠን ማንም ከሥራ አይቀርም። አትላንታ ላይ ግን ሰው ሃይዌይ ላይ መኪናው ውስጥ አደረ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎች ትምህርት ቤት ውስጥ አነጉ፣ ከተማዋን በሚከበው ሃይዌይ 285 ላይ ቆሞ በቀረ መኪና ውስጥ ሕፃን ተወለደች። በትንበያ ሥራ ላይ ያለ ሁሉ ይህን ቀን ደጋግሞ ሊመረምረው ይገባል፤ ከተማዋን ያቆማት የበረዶው ብዛት አልነበረምና።

ነገሩ የጀመረው ሰኞ ነው። አትላንታ አጠገብ ፒችትሪ ሲቲ ያለው የብሔራዊ አየር ሁኔታ አገልግሎት ቢሮ መጀመሪያ ዋች አወጣ፤ «ሊመጣ ይችላልና ተዘጋጁ» እንደማለት ነው። ሰኞ ማታ ከተማዋ በአድቫይዘሪ ሥር ሆነች፤ «መጠነኛ ችግር አለና ተጠንቀቁ» የሚል ቀለል ያለ ደረጃ ነው። ማክሰኞ ሌሊት፣ በእኛ አቆጣጠር 9 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ላይ፣ ደረጃው ወደ ዋርኒንግ ከፍ አለ፤ «አደጋው እየደረሰ ነውና እርምጃ ውሰዱ» እንደማለት ነው። በትንበያ መመዘኛ ይህ ጥሩ ሥራ ነው፤ ማስጠንቀቂያው በረዶው ከመጀመሩ ብዙ ሰዓት ቀደም ብሎ ወጥቷል። ግን በተቀባዩ በኩል እንየው። ከዋች በኋላ አድቫይዘሪ የሰማ ሰው «ቀለል ብሏል» ብሎ ይተኛል። ዋርኒንጉ ሲወጣ ደግሞ የትምህርት ቤት አውቶቡሶች ሊነሱ የቀራቸው ጥቂት ሰዓት ነው። ከባዱ በረዶ ከከተማዋ በስተደቡብ ይወድቃል የሚለው የቀደመ ግምትም ብዙ ሰው አእምሮ ውስጥ ተቀምጦ ቀርቷል። ስለዚህ ትምህርት ቤቱም መሥሪያ ቤቱም ተከፈተ።

እኩለ ቀን ገደማ በረዶው ሲጠነክር መንግሥት፣ ኩባንያዎችና ትምህርት ቤቶች ሠራተኛና ተማሪውን በአንድ ጊዜ ለቀቁ። ከዚያ በኋላ የሆነው ፊዚክስ ነው። መንገዱ ላይ ያረፈውን ስስ በረዶ የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ጎማ ይጨቁነዋል፤ በጫናውና በሙቀቱ በከፊል ይቀልጣል። አየሩ ከዜሮ በታች ስለሆነ የቀለጠው ውሃ በደቂቃዎች ውስጥ መልሶ ይረጋና እንደ መስታወት ያለ አይስ ይሆናል። አንድ የጭነት መኪና አቀበት ላይ ከተንሸራተተ ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል። ጨው የሚበትነው መኪናም እዚያው ሰልፍ ውስጥ ታግቶ ይቀራል። ያው ስድስት ሳንቲሜትር ተኩል ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ቢጀምር ኖሮ ጠዋት ማንም ከቤቱ ባልወጣ ነበር።

የወቅቱ የጆርጂያ አገረ ገዢ ናታን ዲል በዕለቱ ማታ ማዕበሉን «ያልተጠበቀ» ሲሉት የአየር ሁኔታ ባለሙያዎች ዝም አላሉም። የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ማርሻል ሼፐርድ ማስጠንቀቂያዎቹ መቼ መቼ እንደወጡ በይፋ ዘርዝረው ጻፉ። አገረ ገዢውም ኋላ ላይ ይቅርታ ጠይቀዋል።

በዚያው ቀን በርሚንግሃም፣ አላባማ የደረሰው ግን ሌላ ዓይነት ነው። እዚያ የሳተው ትንበያው ራሱ ነበር። መሬቱን ሸፈን ብቻ የሚያደርግ፣ መንገድ የማያውክ በረዶ ነበር የተጠበቀው፤ የበረዶው መስመር ግን ከተገመተው ወደ ሰሜን ከፍ ብሎ ወረደ። አንድ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ሕመምተኛው የሚጠብቅበት ሆስፒታል ለመድረስ ወደ 10 ኪሎ ሜትር በእግሩ መጓዙ ያን ጊዜ በዜና ተነግሯል። የአላባማው ታዋቂ ትንበያ አቅራቢ ጄምስ ስፓን ስህተቱን ሳይሸፋፍን በይፋ አምኗል። ሁለቱን ከተሞች ለይቶ ማየት ያስፈልጋል፤ አንዱ የመልእክት ችግር ነው፣ ሌላው የሳይንስ። መፍትሔያቸውም አይገናኝም።

ከሳይንሱ እንጀምር። በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል በረዶ ለመጣል ሁለት ነገር በአንድ ሰዓት መገናኘት አለበት፤ ከካናዳ የወረደ ደረቅ ቅዝቃዜና ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚወጣ እርጥበት። እርጥበቱን የሚያመጣው ዝቅተኛ ግፊት ወደ ባሕሩ ገባ ብሎ ካለፈ ከባሕር የራቀው መሬት ደረቅ ሆኖ ይቀራል፤ ወደ የብስ ጠጋ ካለ ደግሞ ሞቃቱን አየር ይዞ ይመጣና በረዶው ዝናብ ይሆናል። መሐል ያለችው መንገድ ጠባብ ናት። ጃንዋሪ 21 ቀን 2025 መንገዷ በትክክል ስትገኝ ኒው ኦርሊንስ 20 ሳንቲሜትር ገደማ በረዶ ወረደባት፤ በዚያው በሉዊዚያና ያለው የሌክ ቻርልስ የአየር ሁኔታ ቢሮም በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የብሊዛርድ (ኃይለኛ ነፋስ የቀላቀለ የበረዶ ማዕበል) ዋርኒንግ አወጣ።

የመሬቱን ቴርሞሜትር ብቻ አይቶ «3 ዲግሪ ስለሆነ ዝናብ ነው» ማለት በዚህ አካባቢ ተደጋግሞ የሚታይ ስህተት ነው። መታየት ያለበት የእርጥብ ቴርሞሜትር ንባብ ነው፤ ውሃ ሲተን አየሩ እስከ ስንት ዲግሪ እንደሚቀዘቅዝ የሚያሳይ ሙቀት ነው። አየሩ 3 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ የጤዛ ነጥቡ (በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ጤዛ መሆን የሚጀምርበት ሙቀት) ደግሞ ከዜሮ በታች 10 ከሆነ፣ የሚወርደው ጠብታ እየተነነ አየሩን ያቀዘቅዘዋል፤ እርጥበቱ ሲሞላ ሙቀቱ ከዜሮ በታች ወደ 1 ዲግሪ ይወርዳል። በዝናብ የተጀመረው በረዶ ሆኖ ይቀጥላል ማለት ነው። ይኸው ደረቅ አየር ሌላም ያሳስታል፤ ራዳሩ በረዶ እያሳየ መሬት ላይ ጠብ የሚል ነገር አይኖርም፣ ሲወርድ አየር ላይ ተንኖ ያልቃልና። የመጀመሪያውን ሰዓት የሚያሳስተው በአብዛኛው ይህ ነው።

ቀጥሎ የአየር ፊኛው ንባብ ነው፤ መለኪያ ይዞ ወደ ላይ እየወጣ የየከፍታውን ሙቀትና እርጥበት ይለካል። ፊኛው በቀን ሁለቴ፣ በአትላንታ የክረምት ሰዓት ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት ገደማ ይለቀቃል፤ ስጋት ሲኖር መሐል ላይ ተጨማሪ ይላካል። ከመሬት ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሞቃት ንብርብር አለ ወይ? የንብርብሩ ከፍተኛ ሙቀት ከ1 ዲግሪ በታች ከሆነ በረዶው በረዶ ሆኖ ያልፋል። ከ1 እስከ 3 ከሆነ በከፊል ይቀልጥና ከታች መልሶ ረግቶ ስሊት፣ ማለትም ጠንካራ የአይስ ቅንጣት፣ ይሆናል። ከ3 ካለፈ ሙሉ በሙሉ ይቀልጣል። ከሥሩ ያለው ቀዝቃዛ አየር ስስ ከሆነ ደግሞ ዝናብ ሆኖ ወርዶ ሽቦና ቅርንጫፍ ላይ ሲያርፍ ይረጋል። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ የአይሱ ውፍረት 6 ሚሊሜትር ገደማ ሲደርስ ቅርንጫፍ መሰበርና መብራት መጥፋት ይጀምራል። በሰሜን ምሥራቅ ጆርጂያና በካሮላይናዎች ይህ የሚበዛው ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ቀዝቃዛ አየር ከአፓላቺያን ተራሮች ምሥራቃዊ ግርጌ ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር ነው። የኮምፒውተር ትንበያ ሞዴሎች ይህን ስስ ቀዝቃዛ አየር ፈጥነው «ያሞቁታል»፤ ልምድ ያለው ባለሙያ ግን ቶሎ ለቅቆ እንደማይሄድ ያውቃል።

ወደ መልእክቱ ስንመጣ፣ የትንበያው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ኢንች ሳይሆን ሰዓት መሆን አለበት። «በዚህ ሰፈር ከቀኑ 5 እስከ 7 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ ከጀመረ በአንድ ሰዓት ውስጥ መንገዱ አይስ ይሆናል» የሚል ቃል ለትምህርት ቤት ኃላፊው ከማንኛውም ካርታ ይበልጥበታል። ቀጥሎ የአስፋልቱ ሙቀት ይነገር፤ በተለይ የድልድዮች፣ ከላይም ከታችም አየር ስለሚነካቸው ቀድመው ይረጋሉና። ደረጃው ሲቀየርም ለምን እንደተቀየረ አብሮ ይባል። መንገድ ለሚያክሙትም ዝርዝሩ ወሳኝ ነው፤ 23 በመቶ ገደማ ጨው ያለው ውሃ አስቀድሞ አስፋልት ላይ ሲረጭ ጥሩ ይሠራል፣ በረዶው በዝናብ የሚጀምር ከሆነ ግን ታጥቦ ይሄዳል። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 9 ሲያልፍ ደግሞ ተራው ጨው ጉልበቱ ይደክማል።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ፌብሩዋሪ 2014 ላይ የአይስ ማዕበል ሲመጣ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ቀድሞ ወጣ፤ ሰውም ቤቱ ቆየ። ብዙ ቤት መብራት ቢያጣም የአትላንታ መንገዶች ባዶ ነበሩ።

አትላንታ አጠገብ ባለችው ክላርክስተንና አካባቢዋ፣ ወይም ዳላስ ውስጥ፣ በታክሲና በዴሊቨሪ ለሚሠሩ ወገኖቻችን፦ ትንበያ ስትሰሙ መጀመሪያ «ስንት ሰዓት ላይ?» ብላችሁ ፈልጉ፤ የሚጀምርበት ሰዓት ሺፍታችሁ መሐል ከሆነ ከመጀመሩ ሁለት ሰዓት በፊት ቤት ግቡ። ልጅ ትምህርት ቤት ካለ ማን እንደሚያመጣው ማታውኑ ይወሰን። መኪና ውስጥ ብርድ ልብስ፣ ውሃና የስልክ ቻርጀር ይኑር፤ ታንኩም ከግማሽ አይውረድ። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 7 ከደረሰ የደቡብ ቤቶች ቧንቧ ለመፈንዳት ይቀርባል፤ ብዙው በጣሪያ ሥርና በውጭ ግድግዳ በኩል ስለሚያልፍ ነው። በውጭ ግድግዳ በኩል ያለውን ቧንቧ ሌሊቱን በቀጭኑ እንዲንጠባጠብ ተዉት፣ ከእቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን ቁም ሳጥን ክፈቱት፣ የዋናው ውሃ መዝጊያ የት እንዳለም ሳይመሽ እዩት።