ኪምሪክ ጎዳና

ለሥልጠና ደብሊን የገባሁት ማታ ነው። ስለ አውሮፕላኑ የምጽፈው የለኝም፤ ስለ ማረፊያዬ ግን ዝም ማለት አልችልም። ለአንድ ሌሊት 110 ዩሮ ከከፈልኩ በኋላ መስኮቱ እንደማይዘጋ የተረዳሁት መብራት አጥፍቼ ከተኛሁ በኋላ ሲሆን፣ የባሕሩ ነፋስም መጋረጃውን ሲያንገላታው አደረ። ጠዋት ቅሬታዬን ሳሰማ እንግዳ ተቀባዩ "ዛሬ እንኳ ረጋ ብሏል" አለኝና ለአንድ ስኒ ሻይ 4 ዩሮ ተቀበለኝ። በብር አባዝቼ ሳየው ሻዩ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

ሙያዬ ትራንዚተርነት ነው፤ ዕድሜዬ ያለቀው በጅቡቲ በኩል የሚገባ ዕቃ ሰነድ ሳገላብጥ ነው። ስለዚህ ከሥልጠናው የተረፈችኝን አንድ ቀን ሪንግሰንድ በተባለው የወደብ ሰፈር አዋልኳት፤ እዚያ ሊዩኮስ፣ ካይልክሌር፣ ክሎንላራ፣ ፓይን እያሉ መንገዶችን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጠፉ የአየርላንድ መርከቦች ስም ሰይመዋል። አየርላንድ በዚያ ጦርነት ገለልተኛ ስለነበረች ዘመኑን የሚጠሩት "አስቸኳይ ጊዜ" ብለው ነው። (ለእኛ ቃሉ ሌላ ነገር ያስታውሰናል።) መርከቦቿ በጎናቸው ሰንደቅ ዓላማዋንና ስሟን በትልቁ ቀብተው፣ ሌሎች ተደብቀው በሚጓዙበት ሌሊት መብራት አብርተው ይሄዱ ነበር፤ ይህም ሁሉንም አላዳናቸውም።

እኔን የሳበችኝ ኪምሪክ ናት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1893 በዌልስ፣ አምሉክ በተባለች ወደብ የተሠራች ባለ ሦስት ምሰሶ የሸራ መርከብ ስትሆን፣ በኋላ አርክሎ የተባለችው የአየርላንድ ወደብ ሰዎች ንብረት ሆነች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ወስዶ መድፍ ደበቀባት፤ ነጋዴ መስላ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦችን እንድታጠምድ ነበር። በኦክቶበር 1918 ግን መርከበኞቿ ጄ6 የተባለችውን የእንግሊዝ ሰርጓጅ የጀርመን ዩ6 መስላቸው አሰመጧት፤ ስሕተቱን ያወቁት በሕይወት የተረፉትን ከውኃ ሲያወጡ ነው። በእኔ ሥራ የአንድ ፊደል ስሕተት ዕቃ ጉምሩክ ያስይዛል፤ ከዚህ በኋላ አላማርርም።

ጎዳናው አጭር ነው፤ ዝቅ ዝቅ ያሉ ቤቶች፣ ከበስተጀርባቸው ፑልቤግ የተባለው የኃይል ማመንጫ ሁለት ረጃጅም ጭስ ማውጫዎች። በሰማያዊው ሰሌዳ ላይ ከላይ በአይሪሽ ከታች በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ስም ቆሜ ፎቶ ሳነሳ፣ አንዲት ሽበታም እናት በራቸውን ከፍተው "ልጄ፣ መንገድ ጠፋብህ?" አሉኝ። ስለ መርከቧ መምጣቴን ስነግራቸው አላመኑኝም፤ ሲያምኑኝ ግን እዚያው ደጃፍ ላይ ሻይ ከብስኩት ጋር አቀረቡልኝ፤ ወተቱ የበዛበት ቢሆንም እንደ ማታው ቤት ሒሳብ አልመጣበትም። የነገሩኝ ስለ ጦርነቱ ሳይሆን ስለ ትራሙ ነው። በ1921 ኪምሪክ ግራንድ ካናል ዶክ በተባለው የመርከብ ማቆሚያ ላይ ያለው ድልድይ እስኪከፈትላት ስትጠብቅ ነፋስ ገፋትና፣ ከአፍንጫዋ የሚወጣው ረጅም ግንድ በሚያልፍ ትራም መስኮት ገባ። እማማ በስኒያቸው ማንኪያ መስኮቱን፣ በጣታቸው ግንዱን እያሳዩ፣ ራሳቸው የነበሩበት ያህል ይስቁ ነበር።

ስለ መጨረሻዋ ሲሆን ሳቃቸውን አቆሙ። ኪምሪክ ከስኮትላንዷ አርድሮሳን ወደ ሊዝበን ስትጓዝ በፌብሩዋሪ 24 ቀን 1944 ከደብሊን ውጭ ባሕር ላይ ታየች፤ ከዚያ በኋላ እሷም 11 መርከበኞቿም የገቡበት አልታወቀም። ፈንጂ ይሁን ማዕበል የሚመሰክር ስባሪ እንኳ አልተገኘም። የመነሻ ወደብ አለ፣ የመድረሻ ወደብ አለ፤ የርክክብ ፊርማ የለም። እንዲህ ያለ ፋይል እኛ ቢሮ ቢገባ ማን ይዘጋዋል እያልኩ ሳስብ እማማ ስኒውን ተቀብለውኝ "ዝናብ መጣ፣ አውቶቡስህን ያዝ" አሉኝ።

አውቶቡሱ በዚያው ድልድይ በኩል ያልፋል። ባዶ ወንበር ሞልቶ ሳለ ከመስኮቱ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ።