አንድ ፒን ስንት ሥራ አለው?

አራት ኪሎ አክስቴ ቤት ውሃ የሚመጣው በተራ ነው፤ ያውም ሌሊት። መሬት ላይ ያለው ሮቶ ሲሞላ አንድ ሰው ተነስቶ ፓምፑን ይከፍታል። የጣሪያው ሮቶ ሞልቶ ከመፍሰሱ በፊት ደግሞ ተነስቶ ይዘጋል። ያ ሰው አክስቴ ነበረች። ጉልበቷን ያማታል። አንድ እሁድ ቡና ላይ፣ “ኤሌክትሮኒክስ እሠራለሁ ትል የለ? ታዲያ ይቺን አትሠራልኝም?” አለችኝ። በሳምንት የሚያልቅ መስሎኝ እሺ አልኳት። ሁለት ወር ፈጀብኝ።

እጄ ላይ ኤቲሜጋ32 ነበረ። ባለ 8 ቢት ማይክሮኮንትሮለር ነው፤ የተጻፈለትን ኮድ የሚሠራ፣ በአንድ ቺፕ ያለ ትንሽ ኮምፒውተር። 40 ፒን (የብረት እግር) አለው። ከእነዚህ 32ቱን መግቢያም መውጫም ማድረግ ይቻላል። ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ በሚባሉ አራት ፖርቶች፣ ስምንት ስምንት ሆነው ተከፍለዋል። እኔ የምፈልገው ሁለት መግቢያና አንድ መውጫ ብቻ ነበር፤ ከላይና ከታች ሮቶ ለሚመጡት፣ ከውሃው ጋር እየተንሳፈፉ ለሚከፈቱና ለሚዘጉት ፍሎት ስዊቾችና ለፓምፑ።

መጀመሪያ ቺፑን ልሞክረው ብዬ ፖርት ሲ ላይ ስምንት ኤልኢዲ ደረደርኩ። ኮዱ ሁሉንም እንዲያበራ ነው የተጻፈው። ከአንዱ ዳር ሁለት፣ ከሌላው ዳር ሁለት በሩ። መሃል ያሉት አራቱ ጭራሽ። ኤልኢዲ ቀየርኩ። ሬዚስተር ቀየርኩ። ብሬድቦርዱን (ሳይበየድ ሽቦ የሚሰካበትን ሰሌዳ) ጭምር ቀየርኩ። በመጨረሻ ቺፑ ተቃጥሏል ብዬ መርካቶ ሄጄ ሌላ ገዛሁ። አዲሱም እነዚያኑ አራቱን አላበራም። ሁለት ቺፕ አንድ ቦታ ላይ አይቃጠልም።

ያኔ ነው ዳታሺቱን (የቺፑን መግለጫ) በደንብ ያነበብኩት። ከፖርት ሲ ፒን 2 እስከ 5 ያሉት ሌላ ሥራ አላቸው፤ ጄታግ የሚባለው የመፈተሻ መስመር በእነሱ በኩል ነው የሚያልፈው። ይህ መስመር ቺፑ ከፋብሪካ ሲወጣ ክፍት ሆኖ ይመጣል። እሱ እስካልተዘጋ ድረስ አራቱ ፒኖች እኔ ፖርቱ ላይ የምጽፈውን አያወጡም። በፊውዝ፣ ማለትም ቺፑ ውስጥ በሚቀመጥ ቋሚ ቅንብር፣ መዝጋት ይቻላል፤ ፊውዝ ተሳስቶ የነካ ሰው ግን ቺፑ አልታዘዝ ሊለው ይችላል። እኔ በኮድ ዘጋሁት። ጄቲዲ የሚባለውን ቢት በአራት የክሎክ ምት ውስጥ ሁለት ጊዜ 1 ብሎ መጻፍ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ብትጽፈው አይቆጠርም። አራቱም ቦግ አሉ።

በዚያው ቀን አንድ ወረቀት ላይ 40ዎቹን ፒኖች ጻፍኩ፤ ከየአንዳንዱ አጠገብ ሁለተኛ ሥራውን። ፖርት ኤ አናሎግ ማንበቢያም ነው። የፖርት ቢ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ኮድ የሚጫንባቸው ናቸው። የፖርት ዲ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሲሪያል መስመር ናቸው። ይህን ወረቀት ከመጀመሪያው ሠርቼው ቢሆን የመርካቶው መንገድ ይቀርልኝ ነበር።

ቀጥሎ መግቢያው መጣ። እያንዳንዱ ፖርት ሦስት ሬጅስተር፣ ማለትም ቺፑ ውስጥ ያሉ ትንንሽ የማስታወሻ ቦታዎች፣ አለው። ዲዲአር አቅጣጫውን ይወስናል፤ 0 መግቢያ፣ 1 መውጫ። ፖርት የሚባለው ሬጅስተር የምታወጣውን ይይዛል። ፒን የሚባለው ሬጅስተር እግሩ ላይ አሁን ያለውን ያሳይሃል። እኔ ፍሎቱን ከፖርትዲ ሳነብ ሁለት ቀን አለፈ። የማየው ራሴ የጻፍኩትን ነበር። ከፒንዲ ማንበብ ስጀምር ቺፑ ስዊቹን አየው።

አየው ግን አላረፈም። ውሃም ፓምፕም ሳይኖር፣ ጠረጴዛዬ ላይ፣ እጄን ወደ ሽቦው ሳስጠጋ ለፓምፑ ያዘጋጀሁት ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ) ቀጭ ቀጭ ይላል። ስዊቹ ክፍት ሲሆን ፒኑ ከምንም ጋር አልተያያዘም፤ በአየር ላይ ያለውን ሁሉ ይለቅማል። መፍትሔው እዚያው ቺፑ ውስጥ አለ። መግቢያ የሆነ ፒን ፖርቱ ላይ 1 ሲጻፍበት ፑል አፕ የሚባለው ውስጣዊ ሬዚስተር ይበራና ወደ 5 ቮልት ይስበዋል። ስዊቹን ወደ ግራውንድ ታገናኘዋለህ፤ ሲዘጋ 0 ይነበባል፣ ሲከፈት 1። ግልባጭ መሆኑን መልመድ ነው።

ይህ መፍትሔ ጠረጴዛ ላይ በቃ። ጣሪያ ላይ ስወጣ አልበቃም። ውስጣዊው ፑል አፕ ከ20 እስከ 50 ኪሎ ኦም ነው፤ ከፓምፑ ገመድ ጎን ለጎን ለሚሄድ ረጅም ሽቦ ደካማ ነው። ከውጭ 4.7 ኪሎ ኦም ጨመርኩ። ኮዱም ለግማሽ ሰከንድ ያህል ደጋግሞ አንብቦ አንድ ዓይነት መልስ ካላገኘ እንዳያምን አደረግኩ።

መውጫው ላይ ሒሳብ ይቀድማል። የእኔ የ5 ቮልት ሪሌ ኮይል (ጥቅል ሽቦ) 70 ኦም ነው፤ ወደ 71 ሚሊ አምፔር ይጠይቃል። አንድ ፒን ግን ከ40 ማለፍ የለበትም፤ 40 ራሱ የመጨረሻው ጠርዝ ነው እንጂ የሥራ ልክ አይደለም። ስለዚህ ፒኑ በትንሽ ከረንት ትልቁን የሚያሳልፍ ትራንዚስተር ያዛል፣ ትራንዚስተሩ ሪሌውን፣ ሪሌው ደግሞ የፓምፑን ኮንታክተር (ትልቁን ማብሪያ)። ሪሌው ላይ ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) በግልባጭ አሰርኩ፤ ኮይሉ ሲጠፋ የሚመልሰው ቮልቴጅ ትራንዚስተሩን እንዳይገድል። የ220 ቮልቱን በኩል የሠራው ኤሌክትሪሺያን ነው። እዚያ ላይ አልደፈርኩም።

የቀረኝ መብራት ነበር። ሄዶ ሲመጣ ቺፑ እንደ አዲስ ይነሳል፤ በዚያች ቅጽበት ሁሉም ፒኖች መግቢያ ናቸው። ኮዱ እስኪደርስ ድረስ ትራንዚስተሩን የሚይዘው የለም። መብራት በተመለሰ ቁጥር ፓምፑ አንዴ እየተነጠቀ የሚነሳው ለዚህ ነበር። ከትራንዚስተሩ ቤዝ (ከሚታዘዝበት እግር) ወደ ግራውንድ አንድ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በየድኩ። ከዚያ አክስቴን ቆጣሪው ጋ አቁሜ ብሬከሩን አስር ጊዜ አጥፍታ እንድታበራ ጠየቅኳት። እኔ ፓምፑ ላይ እጄን አሳርፌ ቆምኩ። አስሩንም ጊዜ ንቅንቅ አላለም። ወረቀቱን በሳጥኑ ክዳን ውስጥ ለጥፌ ዘጋሁት።